2,147,483,647፦ የደንበኞቻችን ሁሉ ስልክ አንድ ቁጥር ሆነ

የመዝገብ_ልጅ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአንድ አነስተኛ የንግድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን መዝገብ እይዛለሁ። መዝገቡ የተሠራው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። የስልክ ቁጥሮቹ የፊት ዜሯቸው ወድቃ፣ 911 ምናምን፣ 912 ምናምን እያሉ በዘጠኝ አሃዝ ተቀምጠው ለዓመታት ያለ ችግር ሠርተዋል። ሰሞኑን አጭር መልእክት የሚልክልን ድርጅት ቁጥሮቹ ሁሉ በ251 እንዲጀምሩ ጠየቀ። ሰንጠረዡ ላይ 251 እንዲጨመር ትእዛዝ ተሰጠ፤ ኮምፒውተሩም ያለ አንዳች ቅሬታ «ተፈጽሟል» አለ። መዝገቡን ከፍተን ስናይ የነጋዴው፣ የሆቴሉ፣ የጋራዡ፣ የሁሉም ስልክ 2147483647 ሆኗል።

መጠባበቂያ ቅጂ ስላለን አትደንግጡልኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምን ዜሮ አልሆነም? ለምን 9999999999 አልሆነም? ይህን የመሰለ ዝብርቅርቅ ቁጥር ከየት መጣ?

እህታችሁ ነኝ፣ ከአዳማ።

ቢት_በቢት

እህቴ፣ ቁጥሩ ዝብርቅርቅ የሚመስለን በአሥር ስለምንቆጥር ነው። በሁለት ለሚቆጥር ማሽን ከዚህ የተስተካከለ ቁጥር የለም፤ 31 አንዶች በተርታ ተሰልፈው ማለት ነው።

የስልኩ ዓምድ «ኢንት» በሚባለው ዓይነት ተሠርቷል። ኢንት 32 ቢት ቦታ ይይዛል፤ ቢት ማለት 0 (የጠፋ) ወይም 1 (የበራ) ብቻ የምትይዝ ቦታ ናት። ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ለመለየት ይውላል፤ ለመጠኑ የሚቀሩት 31 ናቸው። የመጀመሪያው ቢት 1 ያወጣል፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4፤ በእጥፍ እያደገ ሄዶ 31ኛው 1,073,741,824 ያወጣል። ሁሉም ሲበሩ ድምሩ 2,147,483,647 ነው። በትንሹ ማየት ከፈለግሽ ሦስት ቢት ብቻ ውሰጂ፦ 1 + 2 + 4 = 7፤ ከ8 በአንድ ያነሰ። የኛም ቁጥር እንደዚያው ነው፤ 31 ሁለቶችን አባዝተሽ ከውጤቱ አንድ ትቀንሻለሽ፤ 2³¹ − 1።

251 የተጨመረበት ስልክ 12 አሃዝ ስላለው ከ251 ቢሊዮን ያልፋል። የዓምዱ ጣሪያ ግን ሁለት ቢሊዮን ከምናምን ነው። ዘጠኝ አሃዙ ቢበዛ 999,999,999 ስለሆነ በምቾት ይገባ ነበር። የምትጠቀሙት ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመዝገብ ፕሮግራም መሆን አለበት፤ ጥብቅ ቁጥጥሩ ሲጠፋ ከጣሪያው በላይ የመጣውን ሁሉ ጣሪያው ላይ ቆርጦ ያስቀምጥና ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል። ቁጥጥሩ በርቶ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙን አልቀበልም ይል ነበር።

ስልክ ደግሞ ከመሠረቱ ቁጥር አይደለም። የሁለት ደንበኛ ስልክ ደምሮ የሚያውቅ ሰው የለም። በጽሑፍ ዓይነት፣ በቫርቻር፣ አስቀምጡት፤ የፊት ዜሮዋም ቦታዋን አትለቅም።

የቁጠባ_ሒሳብ

ቢት በቢት ትክክል ብሏል። እኔ የምጨምረው ከገንዘብ በኩል ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች የነጥብ ጣጣን ለመሸሽ ብርን በሳንቲም ቆጥረው ይመዘግባሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ዓምዱ 32 ቢት ከሆነ ግን የሚችለው ትልቁ መጠን 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። ድሮ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ማን ያያል ይባል ነበር። አሁን አንድ ደህና ቤት ይህን ያወጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ የምትሠሩ ሰዎች ዓምዶቻችሁን ዛሬውኑ እዩ።

የመዝገብ_ልጅ

አመሰግናለሁ፤ ገባኝ። ስልኮቹ በጽሑፍ ዓይነት ተመልሰዋል። አሁን ግን ቢሮው በሙሉ የቁጥሩ ወሬኛ ሆኗል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ቁጥር በምንም አይካፈልም» አለ። እኔ በ3 ሞክሬ እምቢ አለኝ፤ በ7 ሞክሬ እምቢ አለኝ፤ በ11ም እንደዚያው። እስከ የት ነው የምሞክረው?

መምህር_ከደሴ

ባልደረባሽ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን ደግሞ ኮምፒውተር አይደለም የነገረን። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ለቤርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስታውቆታል። ኦይለር ያን ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ የዓይኑ ብርሃንም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚያደንቀው እንደዚያ ሆኖ ይህን ሁሉ ማስላቱን ነው። እኔ የማደንቀው ሳያሰላ የተወውን ነው።

እስከ የት ትሞክሪያለሽ ላልሽው፣ እስከ ዳግም ዘሩ፣ እስከ 46,340 ድረስ ነው። አንድ ቁጥር ሁለት አካፋዮች ካሉት ሁለቱም ከዳግም ዘሩ ሊበልጡ አይችሉም፤ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል። እስከ 46,340 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከ4,700 በላይ ናቸው። በእጅ ለሚያካፍል ሰው ይህ ዕድሜ ይፈጃል።

ኦይለር ግን አብዛኞቹን ሳይነካ አባረራቸው። አካሄዱን ላሳያችሁ። አንድ ብቸኛ ቁጥር የኛን ቁጥር ያካፍላል እንበል፤ ስሙን «ቀ» እንበለው። 2ን በራሱ እያባዛን በየደረጃው ለቀ እያካፈልን ቀሪውን ብንመዘግብ፣ በ31ኛው እርምጃ ቀሪው 1 ይሆንና ዙሩ እንደገና ይጀምራል። 31 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከዚያ ያጠረ ዙር ሊኖር አይችልም። ፌርማ ደግሞ ከኦይለር መቶ ዓመት በፊት የዙሩ ርዝመት ሁልጊዜ ቀ ሲቀነስ 1ን ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል አውቆ ነበር። ስለዚህ ቀ ሲቀነስ 1 የ31 ብዜት ነው። ተጋማሽም ነውና የ62 ብዜት ነው። 3፣ 7፣ 11፣ 13 እና የመሳሰሉት ሁሉ ሳይሞከሩ ተሰናበቱ። አንቺ ያደረግሻቸው ሦስት ሙከራዎችም ገና ከመነሻው አያስፈልጉም ነበር።

ሁለተኛ ወንፊት አለ። የዚህ ዓይነት ቁጥር አካፋይ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። ሁለቱን ስናጋጥም አካፋይ ሊሆን የሚችለው የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ ወይም የ248 ብዜት ሲደመር 63 ነው። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ወደ 370 ገደማ ናቸው፤ ከእነሱም ብቸኛ ያልሆኑት ሲወጡ መቶ እንኳ አይሞሉም። ዝርዝሩ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745 እያለ ይሄዳል። 63 የ7 ብዜት ነው፣ 249 የ3፣ 497 የ7፣ 559 የ13፤ 745 በ5 ያልቃል። ስለዚህ በእውነት ማካፈል የሚጀመረው ከ311 ነው፤ ቀሪው 35። ቀጣዩ 1,303 ነው፤ ቀሪው 226። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ዜሮ ቀሪ አይገኝም። ወረቀትና ትዕግሥት ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድን ሠውቶ የኦይለርን ሥራ ሊደግመው ይችላል።

ጥያቄ_አያልቅም

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። 31 ብቸኛ ስለሆነ ነው 2³¹ − 1 ብቸኛ የሆነው? እንዲያ ከሆነ ለምን ሌላ ማረጋገጫ አስፈለገ? ደግሞስ የ62ቱ ሕግ እውነት መሆኑን በትንሽ ቁጥር ማየት እችላለሁ?

መምህር_ከደሴ

ልጄ፣ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ምሳሌ እመልስልሃለሁ። 11 ብቸኛ ቁጥር ነው። 2¹¹ − 1 ግን 2,047 ነው፤ እሱም 23 ሲባዛ በ89። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ «አይደለም» ነው። አሁን አካፋዮቹን ተመልከት፤ 23 ማለት 22 ሲደመር 1፣ 89 ማለት 88 ሲደመር 1። ሁለቱም የ22 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው። ለ8 አካፍላቸው፤ የ23 ቀሪ 7፣ የ89 ቀሪ 1። ሕጉ ሁለቱን ወንፊቶች አሳልፎ አሳየህ።

ትክክለኛው አነጋገር በተገላቢጦሽ ነው፤ ከላይ ያለው ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ አይሆንም። ብቸኛ ከሆነ ግን ዕድል አለው እንጂ ዋስትና የለውም። በ29 ብትሞክር 536,870,911 ይመጣል፤ እሱ 233 ሲባዛ በ1,103 ሲባዛ በ2,089 ነው። ከ29 ወደ 31 ስትሻገር ነገሩ ይለወጣል።

ማረን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ድረስ የትኞቹ እንደሚሠሩ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። 31ን አስገብቷል፤ በእርሱ ልክ ነበር። 67ንና 257ን ግን ያለ ቦታቸው አስገባ፤ 61ን፣ 89ን እና 107ን ዘለላቸው። የ67ቱን ጉዳይ የዘጋው አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ቁጥሩ 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። ዛሬም እነዚህ ቁጥሮች የሚጠሩት በሜርሴን ስም ነው። ስም የወጣላቸው ከተሳሳተ ዝርዝር መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ምሥጢረ_ቁጥር

እናንተ ሰዎች ዋናውን ነገር አለፋችሁት። ከቁጥሮች ሁሉ መካከል የኮምፒውተር ወሰን የሆነው ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ይህ እንዲሁ የሆነ ይመስላችኋል? ከጀርባው የታሰበበት ነገር አለ።

ቢት_በቢት

ወንድሜ፣ የታሰበበት ነገር አለ፤ እሱም 8ን በእጥፍ ማሳደግ ነው። ማሽኖቹ ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 32፣ ባለ 64 ቢት ሆኑ። ጣሪያዎቻቸውን በተራ እንያቸው። የ8ቱ 127 ነው፤ ብቸኛ። የ16ቱ 32,767 ነው፤ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151፤ ብቸኛ አይደለም። የ32ቱ የኛው ነው፤ ብቸኛ። የ64ቱ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በ7 ሁለት ጊዜ ይካፈላል፣ በ73ም፣ በ127ም፣ በ337ም። ምሥጢር ያለው ሰው ምሥጢሩን በየተራ አያበራና አያጠፋም።

ጥያቄ_አያልቅም

ቆይ፣ 8 አዎ፣ 16 አይደለም፣ 32 አዎ፣ 64 አይደለም። 128ስ?

መምህር_ከደሴ

128 ቢት ቢሆን ጣሪያው 2¹²⁷ − 1 ነው። እሱም ብቸኛ ነው! ኤድዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ያረጋገጠው ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ነው።

ምሥጢረ ቁጥር ከመደሰቱ በፊት ግን ምክንያቱን ላስቀምጥ። ለምልክት አንድ ቢት ስለሚወጣ ከላይ የሚቀሩት 7፣ 15፣ 31፣ 63፣ 127 ናቸው። 15 እና 63 የ3 ብዜቶች ስለሆኑ ገና ሳይጀመር ወደቁ። 7፣ 31 እና 127 ብቸኛ ስለሆኑ ዕድል ነበራቸው፤ ሦስቱም ቀናቸው። የሚቀጥሉት 255 እና 511 ናቸው፤ 255 በ5 ይካፈላል፣ 511 ደግሞ 7 ሲባዛ በ73 ነው። አዎና አይደለምን እያፈራረቀ የመጣው ሰልፍ እዚያ ላይ ይፈርሳል።

ሜሪላንድ_ነዋሪ

ከዚህ ከአሜሪካ ሆኜ ስከታተላችሁ ነበር። ወሰን መሆኑና ብቸኛ መሆኑ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው የምትሉት እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ በአጋጣሚ ስለተገናኙ አንድ ጥሩ ሥራ ተሠርቶባቸዋል። የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ የሚባለውን አስቡ። አንድ ቁጥር ትይዛላችሁ፣ በ16,807 ታባዙታላችሁ፣ ለ2,147,483,647 አካፍላችሁ ቀሪውን ትወስዳላችሁ፣ ቀሪውን እንደገና ታባዛላችሁ። ከ1 ብትጀምሩ 16,807 ይመጣል፤ ቀጥሎ 282,475,249፤ ቀጥሎ 1,622,650,073፤ ቀጥሎ 984,943,658። ለዓይን ምንም ሥርዓት የለውም።

ብቸኛነቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና 16,807 (ማለትም አምስት 7ቶች ሲባዙ) በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ሰልፉ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳይደግም ጎብኝቶ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። ወሰን መሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ቀሪ ልክ 32 ቢት ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ፓርክ እና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራውን እንዲፈትሽ አንድ ማመሳከሪያ አስቀምጠዋል፤ ከ1 ተነስቶ 10,000 ጊዜ ሲባዛ 1,043,618,065 መምጣት አለበት። ኮምፒውተር ያለው ይሞክረው፤ አምስት መስመር አይሞላም።

ለዕጣ ማውጫና ለምሥጢር ቃል ግን እንዳትጠቀሙበት። የዛሬ ማሽን ዙሩን በሙሉ በሰከንዶች ይጨርሰዋል፤ አንዱን ቁጥር ያወቀ ሰውም ቀጣዩን ሁሉ ያውቃል።

ቀማሪው

ሁላችሁም ስለ ቁጥሩ ስትናገሩ ቀኑን የሚያነሳ ጠፋ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ መነሻቸውም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቆጣሪው 32 ቢት በሆነበት ማሽን ሁሉ ሰከንዱ 2,147,483,647 ሲሞላ ወሰኑ ላይ ይደርሳል። ፈረንጆቹ ቀኑን በራሳቸው አቆጣጠር ያውቁታል። እኔ በኛ ዘመን አቆጣጠር አስልቼዋለሁ፤ ተከተሉኝ።

በአንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለ። 2,147,483,647ን ለዚያ ስናካፍል 24,855 ቀን ይደርሳል፤ 11,647 ሰከንድ ይተርፋል። ትርፉ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው።

ቀኑን ወደ ዓመት እንለውጥ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2030 ድረስ 68 ዓመት ነው። 68 ሲባዛ በ365፣ 24,820። በመካከሉ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንባቸው የሉቃስ ዘመኖች ከ1963 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ እስከ 2027 ድረስ 17 ናቸው። 24,837 ሆነ። ከ24,855 የሚጎድለን 18 ቀን ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን ስለሆነ ከ23 ተነስተን 7 ቀን ስንሄድ ወሩ ያልቃል፤ ቀሪው 11።

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፤ ዘመነ ማርቆስ። ጥምቀት ነው!

ዕለቱን ለማወቅ 24,855ን ለ7 አካፍሉ፤ ቀሪው 5 ነው። መነሻው ሐሙስ ነበር፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ሰዓቱ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲጨመር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ጃንሜዳ ላይ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ታቦታቱን ከብቦ ባለበት፣ ውሃው በሚባረክበት ማለዳ ማለት ነው።

ምሥጢረ_ቁጥር

ጥምቀት! አላልኳችሁም? አሁንስ ምን ትላላችሁ?

ቀማሪው

ወንድሜ፣ ረጋ በል። 1970ን የመረጡት ሰዎች ለሥራ የሚመች የዓመት መጀመሪያ ፈለጉ እንጂ ጃንሜዳን አላዩም። በዓመት ውስጥ ስንት በዓል አለን? በወር ውስጥስ ስንት? ጥር 12 ቢውል ኖሮ ቃና ዘገሊላ ነው ትለኝ ነበር፤ ጥር 10 ቢውል ከተራ። ጥር 21 ቢውልም አስተርእዮ ማርያም ነበረች። የኛን ቀን መቁጠሪያ የትኛውም ቦታ ላይ ብትወጋው በዓል ይወጣል። እኔ ደስ ያለኝ ስሌቱ በጳጉሜን በኩል ዞሮ በትክክል መግጠሙ ነው።

የመዝገብ_ልጅ

ከዚያች ሰከንድ በኋላ ምን ይሆናል? እንደ ስልኮቻችን ጣሪያው ላይ ቆሞ ይቀራል?

ቢት_በቢት

አይቆምም፤ እዚህ ላይ ከስልኩ ታሪክ ይለያል። መዝገባችሁ ቁጥሩን ቆርጦ ጣሪያው ላይ አስቀመጠው። ቆጣሪ ላይ ግን አንድ ሲጨመር 31ዱ ቢቶች በሙሉ ወደ ዜሮ ይገለበጡና የምልክቱ ቢት ይበራል። ማሽኑ ያንን የሚያነበው 2,147,483,648 ከዜሮ በታች ብሎ ነው። ከመነሻው ያን ያህል ሰከንድ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ ቀማሪው ያርመኝና፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1901 ላይ ይወድቃል።

ቀማሪው

የሚታረም የለውም። በዛሬው ሰዓታችን ሲታሰብ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ናቸው፤ ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

የቁጠባ_ሒሳብ

ይህን ስሰማ የሚያሳስበኝ ብድር ነው። ከ2018 ዓ.ም. የሚጀምር የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚያልቀው በ2038 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ 2030 ላይ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ዛሬ ሲያሰላ ወሰኑን አልፎታል።

ሜሪላንድ_ነዋሪ

በጣም ትክክል። አብዛኛው አዲስ ማሽን ጊዜን በ64 ቢት ስለሚቆጥር ችግር የለበትም፤ ያ ቆጣሪ እስኪሞላ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይወስዳል። ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.6 እትም ጀምሮ ባለ 32 ቢት ማሽኖችን ጭምር ከወሰኑ እንዲሻገሩ አዘጋጅቷል። የሚያሰጋው አንዴ ተገጥሞ የተረሳው ነው፤ ቆጣሪ፣ የበር መቆለፊያ፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ። ማይኤስኪውኤል ውስጥም «ታይምስታምፕ» የሚባለው የዓምድ ዓይነት እዚያችው ሰከንድ ላይ ያበቃል። የመዝገብ ልጅ፣ ከስልኩ ዓምድ ጋር የቀኑንም ዓምድ እዪው። «ዴትታይም» የሚባለው ዓይነት ይሻልሻል።

ለጨዋታ ያህል፣ ዩቲዩብም ይህ ቁጥር ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የኮሪያዊው ዘፋኝ ሳይ ቪዲዮ የተመልካች ቁጥር ይህን ወሰን ማለፉን ኩባንያው ገለጸ፤ ቆጣሪውንም ወደ 64 ቢት አሳደገው።

ጥያቄ_አያልቅም

ወደ ሒሳቡ ልመልሳችሁ። መምህር፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ የሚታወቀው እንደ ኦይለር እያካፈሉ ነው? የዛሬውስ ትልቁ ስንት ደርሷል?

መምህር_ከደሴ

ማካፈል ቀርቷል። ሉካስ የጀመረውን ሌመር አስተካክሎ የተወው መፈተኛ አለ፤ በእጅህ ሞክረው። ከ4 ጀምር። ዳግም ርቢውን ወስደህ 2 ቀንስ፤ ውጤቱን ለምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ድገም። ለ2⁵ − 1፣ ማለትም ለ31፣ ሦስት ጊዜ ነው የምትደግመው፤ ሁልጊዜ ከላይ ካለው ቁጥር በሁለት ያነሰ። 4 ሲባዛ በ4 ሲቀነስ 2፣ 14። 14 ሲባዛ በ14 ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 ሲባዛ በ8 ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። በመጨረሻው እርምጃ ዜሮ ከመጣ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። ለኛ ቁጥር የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ብቻ ነው። ኦይለር ይህን ቢያገኝ ምን ይል ነበር?

ትልቁን ላልከው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 የቀነሰው ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው። ያገኘውም በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን የሚያውሱበት የጋራ ፍለጋ ነው።

የኛ ቁጥር ከኦይለር በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ማንም ሳይበልጠው ቆይቷል። ከእርሱ የሚወለድ ፍጹም ቁጥርም አለ። 28 ፍጹም ነው፤ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28 ይሰጣሉ። 28 የተሠራው 4 በ7 ሲባዛ ነው። በዚያው መንገድ 2³⁰ በኛ ቁጥር ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ይህን ቁጥር ሲጠቅስ፣ እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ያህል እንጂ ጥቅም ስለሌላቸው ከዚህ ያለፈውን ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም ብሎ ነበር። የሰውን ልጅ ሥራ ፈትነት አሳንሶ ገመተ።

ጥያቄ_አያልቅም

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቃል እገባለሁ። 2² − 1 = 3፤ 2³ − 1 = 7፤ 2⁷ − 1 = 127፤ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ። 2⁵ − 1 = 31፤ 2³¹ − 1 ብቸኛ። ታዲያ ራሱን 2,147,483,647ን ከላይ ብናስቀምጠውስ?

መምህር_ከደሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚወጣው ቁጥር 646,456,993 አሃዝ አለው፤ ማንም በሙሉ ሊፈትነው አይችልም። ግን መፈተን አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1983 አካፋይ ተገኘለት፤ 295,257,526,626,031። ስለዚህ ሰንሰለቱ እዚያ ይበጠሳል። ያን ግዙፍ ቁጥር ማካፈል ባትችልም አካፋዩ የኦይለርን ሁለት ወንፊቶች ማለፍ አለማለፉን ግን ማየት ትችላለህ። 1 ሲቀነስለት የኛ ቁጥር እጥፍ ብዜት መሆን አለበት፤ ለ8ም ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7። የስልክህ ማሽን ላይበቃህ ይችላል፤ በወረቀት ሥራው።

ጥያቄ_አያልቅም

ሠራሁት። 1 ቀነስኩ፤ የቁጥራችን እጥፍ 4,294,967,294 ነው፤ ለእሱ ሳካፍል 68,745 ደረሰ፣ ምንም አልተረፈም። ለ8 ሳካፍለው ደግሞ 7 ተረፈኝ።